አባላት ሲመናመኑ የወጣቶች በጎ ፈቃድ ሥራ እንዴት ይቀጥላል?

የማታ_ተማሪ (ርዕሱን የከፈተ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከእኩዮቼ ጋር የበጎ ፈቃድ ቡድን አቋቁመን መሥራት ከጀመርን ሰነባብተናል። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን እንጠይቃለን፤ ቤት እናጸዳለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ መድኃኒት እናመጣለን፣ የሐኪም ቀጠሮ ሲኖራቸው አብረን እንሄዳለን። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ማንበብ ያስቸገራቸውን ልጆች እናስጠናለን። አልፎ አልፎ የጽዳት ዘመቻና የልብስ ማሰባሰብ አለ።

ችግራችን እንዲህ ነው። ዘመቻ ሲጠራ ሰው ሞልቶ ይተርፋል። ሙዚቃ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ጨዋታ አለ፤ ደስ ይላል፣ እኔንም ደስ ይለኛል። ተራው ማክሰኞና ሐሙስ ሲደርስ ግን የሚመጡት ሁልጊዜ ያው ልጆች ናቸው፤ እነሱም ዝለዋል። ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ስሙ ያለው ሌላ፣ ተራውን የሚወጣው ሌላ ሆኗል።

የሚያንገበግበኝ የአባላት ቁጥር መቀነሱ አይደለም። ተረኛው በቀረ ቀን የሚጎዳ ሰው አለ። ማክሰኞ ይመጣሉ ብለው መድኃኒታቸውን እንዲያመጣላቸው ሌላ ሰው ያልለመኑ እናት አሉ። ልጁም እንደዚያው ነው፤ ደጋግሞ መጥቶ አስጠኚ ያጣ ልጅ በኋላ ቢጠሩትም አይመለስም። እመጣለሁ ብሎ መቅረት ከመጀመሪያው ካለመሄድ የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ፤ «ምንም ካለማድረግ የተቻለውን ያህል ማድረግ ይሻላል» ይላሉ።

አባል እየጨመርን እንሂድ ወይስ ሥራውን እንቀንስ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምከሩን።

ፀሐይ_መውጫ፦

በርቱ! እንደ እናንተ ያሉ ወጣቶች ይብዙልን። በእኔ እይታ ወጣት የሚቆየው ልፋቱ ሲታይለት ነው። ሰርተፍኬት ስጡ፣ ቲሸርት አሠሩ፣ ጎልቶ የሠራውን በስሙ አመስግኑ። ዲሴምበር 5 ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወሰነው ነው። ኦገስት 12 ደግሞ የወጣቶች ቀን አለ። እነዚህን ቀናት አዲስ አባል ለመመዝገብ ተጠቀሙባቸው።

ጡረተኛው_ሒሳብ_ሹም፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ስትጽፍ መልሱንም አብረህ ጽፈኸዋል። ሥራውን ቀንሱ።

አቀናነሱ ግን በዘፈቀደ አይሁን። ወረቀት አውጡና በሳምንት ውስጥ ቃል የገባችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፉ፤ የማን ቤት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ለመሥራት። ከየአንዳንዱ ጎን ሁለት ስም ይጻፍ፤ አንዱ ተረኛ፣ ሌላው ተጠባባቂ። ሁለት ስም ላልተገኘለት ሥራ ቃል አይገባም። ይህን ስታደርጉ ከያዛችሁት ውስጥ የሚወድቅ ይኖራል። ይውደቅ። የሚቀረው ሥራ የሚታመን ይሆናል።

አባል መመልመልም ከዚያ በኋላ ይቀላል። «ኑ እንርዳ» ተብሎ የተጠራ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት አያውቅም፤ ስለዚህ በስሜት ይመጣል፣ ስሜቱ ሲበርድ ይሄዳል። «ሐሙስ ከ10 እስከ 11 ሰዓት፣ ለሦስት ወር፣ አንዲት እናት የሚጠይቅ ሰው እንፈልጋለን» ብትሉት ግን ራሱን መዝኖ እችላለሁ ወይም አልችልም ይላል። ማብቂያው የታወቀ ኃላፊነት አያስፈራም። ሦስት ወሩ ሲሞላ አመስግናችሁ ልቀቁት፤ መቀጠል ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል። ብዙ ቡድን የሚበተነው መውጫ በር ስለሌለው ነው። በክብር መሰናበቻ ያጣ ልጅ ስልኩን አጥፍቶ ይጠፋል።

ስለ ገንዘብ ያልጻፍከው ነገር አለ። መዋጮ ትሰበስባላችሁ? ንገረኝና እመለሳለሁ።

ነርስ_ከደም_ባንክ፦

የማታ ተማሪ፣ ያነሳኸው ነገር የእኛም የየዕለት ጭንቀት ስለሆነ ሳላልፍ ቀረሁ። እኔ የማውቀውን ላካፍል።

ደም በፋብሪካ አይመረትም፤ ሰው ካልሰጠ የለም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚለግሰው በአብዛኛው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የተለገሰው ደም ይመረመራል፣ ከዚያም በየክፍሉ ይለያል። ቀይ የደም ሴሉ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተይዞ ቢበዛ 42 ቀን ይቆያል። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ግን በክፍል ሙቀት፣ ያለማቋረጥ እየተወዘወዘ፣ በተለምዶ 5 ቀን ነው ዕድሜው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ታማሚዎች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ደግሞ እሱን ነው።

አሁን አስቡት። ትልቅ አደጋ ደርሶ በዜና ሲነገር ደጃችን በወጣት ይጥለቀለቃል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን በአንድ ቀን የገባ ደም በአንድ ላይ ያረጃል። ሁለት ወር ቆይታ የምትወልድ እናት ደም ቢፈስሳት የዚያን ቀኑ ደም አይደርስላትም። በአደጋው ቀን የቆሰለውን የሚያተርፈውም ከአደጋው በፊት ተለግሶ፣ ተመርምሮ፣ መደርደሪያ ላይ የጠበቀ ደም ነው። ያንን ደም የሰጠው ሰው በተራ ቀን፣ ማንም ሳይጠራው፣ ቀኑን ጠብቆ የመጣ ሰው ነው።

ቡድናችሁ በዚህ ሊረዳ ከፈለገ አንድ ሐሳብ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሁለት ልገሳ መካከል ለወንድ ቢያንስ 12 ሳምንት፣ ለሴት ቢያንስ 16 ሳምንት ይሁን ይላል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆነውንና ጤናቸው የሚፈቅደውን አባላት አራት ቦታ ክፈሏቸው፤ በየወሩ አንዱ ክፍል ይምጣ። እያንዳንዱ በዓመት ሦስት ጊዜ ይደርሰዋል፣ የእኛም መደርደሪያ ባዶ አይሆንም። ሁላችሁም በአንድ ቀን በሰልፍ ከመምጣታችሁ ይልቅ ይህ ብዙ ሰው ያተርፋል። እኔ ሁሉም ደም ባንክ እንዲህ ያለ ቡድን ቢኖረው እመኛለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው።

ታሪክ_ወዳድ፦

ነርሷ የጻፉት ሄንሪ ዱናንን አስታወሰኝ። ጁን 24 ቀን 1859 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሶልፌሪኖ ላይ ትልቅ ጦርነት ተደርጎ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ሞቶና ቆስሎ ሜዳ ላይ ቀረ። ዱናን የ31 ዓመት የጄኔቫ ነጋዴ ነበር፤ ለንግድ ጉዳዩ ነው በዚያ ያለፈው። በአቅራቢያዋ ካስቲሊዮኔ ከተማ ቁስለኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተኝቶ፣ የከተማዋ ሴቶች የየትኛው ጦር ወታደር እንደሆነ ሳይለዩ ውኃ ሲያጠጡና ቁስል ሲያጥቡ አየ፤ ራሱም አብሮ ሠራ።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህንን ርኅራኄ ነው። የዱናን ትልቁ ሐሳብ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ደግ ልብ ሞልቶ ሳለ ብዙ ሰው የሞተው ቀድሞ የተዘጋጀና የሠለጠነ ስላልነበረ መሆኑን አየ። በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገና በሰላሙ ጊዜ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር በየአገሩ ይቋቋም ብሎ ጠየቀ። በዓመቱ፣ በ1863፣ ጄኔቫ ላይ አምስት ሰዎች ተሰብስበው ኮሚቴ መሠረቱ፤ የዛሬው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እሱ ነው። የቀይ መስቀል ንቅናቄ በ1965 ቪየና ላይ ካጸደቃቸው ሰባት መሠረታዊ መርሖች አንዱም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው።

ለእናንተ የምትሆን ሌላም ነገር አለች። ዱናን ሶልፌሪኖ ላይ በድንገት ደግ ሰው አልሆነም። ገና በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር ድሆችንና እስረኞችን እየሄደ ይጠይቅ ነበር።

ሥራ_ፈላጊ፦

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ። ያልተነሳ ነገር ግን አለ፤ በቅንነት ነው የማነሳው።

በነፃ ለመሥራት የሚችለው ማን ነው? እኔ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ቡድን ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ለትራንስፖርት የማወጣው ከአቅሜ በላይ ሆኖ ተውኩት። ቀረሁ ስባል «ቁርጠኝነት የለውም» ተባለ። ቤተሰብ የሚደግፈው ልጅ ቀጠለ፣ ሰርተፍኬቱንም እሱ ወሰደ፣ በሰርተፍኬቱም ሥራ አገኘ። እንዲህ ከሆነ በጎ ፈቃድ ያለው የሚጨመርበት ነገር ይሆናል።

ሌላው ደግሞ፣ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ሊከፍልበት የሚገባውን ሥራ «ወጣቱ በበጎ ፈቃድ ይሥራው» ብሎ ሲያሸክም አይቻለሁ። የአንድን ሰው እንጀራ የሚዘጋ ነገር በጎ ሥራ መባል የለበትም።

የማታ_ተማሪ፦

ወንድሜ ሥራ ፈላጊ፣ የጻፍከውን ለቡድናችን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላቸው። ከእኛ የጠፉት ልጆች ማን ማን እንደሆኑ ተቆጠረ፤ ብዙዎቹ ራቅ ካለ ቦታ የሚመጡት ናቸው። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

እህቴ ነርስ፣ በአራት የመክፈሉን ሐሳብ ወስደነዋል። ጋሼ፣ አዎ፣ መዋጮ አለን። ከአባላት በየወሩ ይሰበሰባል፣ ዘመቻ ሲኖርም ከውጭ ሰው ይሰጠናል። አንድ ልጅ ነው የሚይዘው። ታማኝ ልጅ ነው።

ጡረተኛው_ሒሳብ_ሹም፦

ታማኝ ስለሆነ ነው ብቻውን የማይተወው። ሒሳብ የሚጻፈው ሌባ ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ታማኙን ሰው ከሐሜት ለመጠበቅም ነው። አንድ ቀን ጥያቄ ቢነሳ ያ ልጅ በምን ይመልሳል?

እንዲህ አድርጉ። ገንዘቡ በባንክ ይሁን፣ ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ ይጠየቅ፤ ሁለቱ ዘመዳሞች አይሁኑ። የገባው ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ የወጣው ሁሉ ደረሰኝ ይያያዝለት። ገንዘብ የሚይዘውና መዝገብ የሚጽፈው ሰው ይለያዩ። በየወሩ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ የሚል አጭር መግለጫ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ፤ ማንም እስኪጠይቅ አትጠብቁ። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ገንዘብ ለዚያው ጉዳይ ብቻ ይዋል፤ ለሕክምና ብሎ የሰጠን ሰው ገንዘብ፣ ለበለጠ ጉዳይም ቢሆን፣ ሳታስፈቅዱት አታዛውሩ። ከውጭ ሰው ገንዘብ ስትሰበስቡም ያላችሁበት አገር ሕግ ምዝገባ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ልጄ ሥራ ፈላጊ ያነሳው ነገር ትክክል ነው። መፍትሔውም እዚሁ መዝገብ ላይ ነው፤ ለተረኛ የትራንስፖርት ወጪ በጀት ያዙ፤ ለሁሉም ይሰጥ፣ የማይፈልገው ይመልስ። «የተቸገረ ይጠይቅ» ብትሉ ማንም አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይቀራል። ለቲሸርት ከምታወጡ ለዚህ አውጡ።

ፀሐይ_መውጫ፦

ጋሼ፣ ቲሸርቱን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ፤ በዚህ እስማማለሁ። ትራንስፖርቱ ይቅደም። ማመስገኑ ግን አይቅር።

የልጆች_ጉዳይ_ባለሙያ፦

ስለ ልጆቹ ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ።

ማንበብ ያስቸገረው ልጅ ብዙውን ጊዜ አፍሮ ነው የሚመጣ። አስጠኚው እየሰማው ለመሳሳት እስኪደፍር ሳምንታት ይፈጅበታል። አስጠኚው በየጊዜው ከተቀያየረ ልጁ ድፍረቱን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ለጥናቱ ክፍል ከቁጥር ይልቅ የሰው አለመቀያየር ይበልጣል፤ ጥቂት ልጆች፣ ለየአንዳንዱ የተመደበ አንድ አስጠኚ፣ በሳምንት ከአንድ ቀን የበለጠ። አርባ ልጅ ሰብስቦ በተገኘ ሰው ማስጠናት ለሪፖርት ያምራል፣ ለልጁ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ደኅንነት ላይ ድርድር አይኑር። አንድ አዋቂና አንድ ልጅ በተዘጋ ክፍል ብቻቸውን አይቀመጡ፤ ሌላ ሰው በሚያያቸው ቦታ ይሁን። የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። አዲስ የሚገባን አስጠኚ ማንነት የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቁ። ልጆቹ ቅር ያላቸውን ነገር ለማን እንደሚናገሩ ይነገራቸው፤ ያ ሰው አስጠኚያቸው አይሁን። ከቡድኑ ውስጥ «እኛን ትጠራጠራላችሁ?» የሚል ቢመጣ፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል መሆኑን ንገሩት።

ወጣቶች በተለይ የሚወዱትን አንድ ነገር ልንካ፤ የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝት። ቅን ሐሳብ ነው፤ ነገሩ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። በዓለም ዙሪያ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በሕይወት አለ፤ ከቤት ያወጣቸው በዋናነት ድህነት ነው። ጎብኚና ስጦታ ሲበዛ ልጆቹን እዚያው ማቆየት ገቢ ማምጫ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ። ልጆቹም መጥቶ አቅፎ ከሚሄድ እንግዳ ጋር ደጋግመው ይለያያሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ልጆች መብት ባወጣው ውሳኔ ይህን ዓይነቱን የማሳደጊያ ጉብኝትና በጎ ፈቃድ ጉዳት አንስቷል። ልጁን ከቤተሰቡ ጋር የሚያቆየው ድጋፍ፣ ለምሳሌ እናቱ ሥራ ስትውል ልጁን የሚያስጠና ሰው፣ ከማሳደጊያ ጉብኝት እጅግ ይበልጣል። እናንተ የምትሠሩት ያንን ነው፤ አትናቁት።

አንድ_ሰሞን_ተቀባይ፦

እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም።

ልጅ ሆኜ እኛ ቤት እርዳታ ይመጣ ነበር። ከመጡት ውስጥ አንዱ ድርጅት ደብተርና ቦርሳ አስይዞ ፎቶ አነሳን። ፎቶው ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቦርሳውን ስይዝ ማን እንደሰጠኝ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሌላ ቦርሳ ስላልነበረኝ ደግሞ መተው አልችልም። ዛሬ ፈቃድ ተጠየቀ ይባላል። የሚያስፈልገውን ነገር በእጁ የያዘ ሰው «ፎቶ ላንሳችሁ?» ሲል እንዴት ነው እምቢ የሚባለው? ለለጋሽ ማስረጃ ካስፈለገ ደረሰኙንና የተጠገነውን ቤት አንሱ።

እናቴን ማንም ምን ትፈልጊያለሽ ብሏት አያውቅም። ልብስ ይመጣል፤ ልብስ ነበራት። ያጣችው ለታናሽ ወንድሜ ሐኪም ቤት ስትሄድ እኛን የሚጠብቅልን ሰው ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ለግማሽ ቀን ቤታችን የሚቀመጥ አንድ የታመነ ሰው ነው። ጠይቁ። ጥያቄው ራሱ ክብር አለው።

የመጋዘን_ሠራተኛ፦

ስለ ልብሱ እህታችን ያሉት እውነት ነው። በእርዳታ መጋዘን እሠራለሁ። ያልተጠየቀ ዕቃ ሲመጣ የሚለየው፣ የሚታጠፈው፣ የሚጣለው ሁሉ ሰውና ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ሰው ምግብና ድንኳን ሊያደርስ ይችል ነበር። ከሁሉ የከፋው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሜንያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተላከላት፤ ምን ምን እንደመጣ ለማወቅ ብቻ 50 ሰው ስድስት ወር ፈጀበት። 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ያወጣው እንዲህ ያለው ነገር ስለተደጋገመ ነው።

ስለዚህ ከየቤቱ የተረፈ መድኃኒት ሰብስባችሁ ለሰው አትስጡ፤ በፍጹም። ልብስም ከመሰብሰባችሁ በፊት ለማን፣ በምን ልክ፣ ስንት እንደሆነ ዝርዝር ይኑራችሁ፤ ዝርዝሩ ሲሞላ መቀበል አቁሙ። ማቆሙ ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

የማታ_ተማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ተሰብስበን የጋሼን ወረቀት ሞላነው። ሁለት ስም ያገኙት ቤቶች ከያዝናቸው ያነሱ ናቸው። የጥናቱ ክፍል በተመደበ አስጠኚ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል፤ የልብስ ማሰባሰቡ ለጊዜው ቆሟል። ለተረኞች የትራንስፖርት ወጪ ተይዟል፤ ሁለት የጠፉ ልጆች ተደውሎላቸው እንመለሳለን ብለዋል። ገንዘብ ያዣችን ራሱ ነው «ሌላ ፈራሚ ጨምሩልኝ» ያለው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ እሱም ከሁሉ የከበደኝ። ሁለት ስም ያላገኙት ቤቶች ውስጥ ያሉት ሰዎች አሁንም እየጠበቁን ነው። እንዴት አድርገን ነው የምንነግራቸው?

አንድ_ሰሞን_ተቀባይ፦

በስልክ አይሁን፣ በመልእክተኛም አይሁን። የሚያውቁት ልጅ ራሱ ሄዶ ቁጭ ብሎ ይንገራቸው። መቼ እንደምታቆሙ ቀኑን ቁርጥ አድርጉ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ተራ አይቅር። «እናስብበታለን» አትበሉ፤ ሰው በዚያ ቃል ወራት ይጠብቃል።

ከመሄዳችሁ በፊት እናንተ የምትሠሩት ሥራ ለማን እንደሚተላለፍ ፈልጉ። ሁሉንም የሚሸከም አንድ ሰው ላይገኝ ይችላል። መድኃኒቱን ጎረቤት፣ የሐኪም ቀጠሮውን ዘመድ፣ ልብስ ማጠቡን ሌላ ማኅበር ይዘው ይሆናል። ያን ሰው ይዛችሁ ሂዱና በእናንተ ፊት ይተዋወቁ። ማንም ካልተገኘ ደግሞ ያንን ቤት አትልቀቁ፤ ከሌላ ሥራ ቀንሳችሁ ያዙት።

ጡረተኛው_ሒሳብ_ሹም፦

በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ አንድ ነገር ብቻ። እንዲህ ዓይነት ቤት ካለ ስሙን ሳትጽፍ በግል መልእክት አካባቢውን ላክልኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ሁለተኛ ስም ከጠፋ የእኔን ጻፉ።